ማዳም ናኒና የጋቢናው ወንበር

ማዳም ታላሶ መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች ከአስራ ሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ያውም ሞያሌ፣ ሄሉ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት ሱቅ ደጃፍ ቆሜ የመነጽሬን እጀታ በክር ስጠግን። ከማርሳቢት የመጣ አንድ ወጣት ሾፌር ሲጋራ ይገዛ ነበር። ለባለ ሱቁ፣ «ያቺ የልጆች አስተማሪ፣ ማዳም ናኒ፣ አረፈች አይደል? ሜሩ ሆስፒታል ታክማ ነበር፤ አልሆነም። ማርሳቢት ቀበሯት» አለው፤ የሲጋራ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው በቀላሉ።

ክሩ ከእጄ ወደቀ። አጎንብሼ አፈሩን መዳበስ ጀመርኩ።

«ምዜ፣ ምን ጠፋህ?» አለኝ ልጁ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው።

«ጥርሴ» አልኩት።

እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ እንዲህ ነኝ። ማልቀስ ሲገባኝ አንድ የጅል ነገር እናገራለሁ፤ ሰው ሲስቅ እኔ በሳቁ መሀል እሰወራለሁ። ይህን ጠባዬን ከሚስቴ ቀድማ ያወቀችብኝ ታላሶ ነበረች። «ጋሽ በየነ፣ ቀልድህን ጨርስና ንገረኝ» ትለኝ ነበር።

ስለ እኔ ብዙ የሚባል የለም። አባቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር፣ እናቴ በኬንያ በኩል የቡቲዬ መንደር ልጅ ነበሩ፤ ስለዚህ ግማሽ ጎኔ ከድንበሩ ወዲያ፣ ግማሽ ጎኔ ወዲህ አደገ፤ ሁለቱም ግማሾች ግን አጭር ሆነው ቀሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ከብት የጫነ ሎሪ ከሞያሌ ናይሮቢ ነድቻለሁ። ከመሪው በላይ የሚታየው ኮፍያዬ ብቻ ስለነበር የመንገድ ዳር ልጆች «ሾፌር የሌለው ሎሪ መጣ» እያሉ ይሸሹ ነበር። እኔም የሚፈሩኝ ይመስለኝ ነበር።

ታላሶ ግን ረጅም ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝናብ በማይዘንብበት አገር ጃንጥላ ከእጇ የማይለይ ሴት። ለፀሐይም አትዘረጋውም። በእሱ ትጠቁማለች፣ በር ታንኳኳበታለች፣ የተኛ ተማሪ ትከሻውን ነካ ታደርግበታለች። ጠመኔዋን ከሻሿ ሥር ጆሮዋ ላይ ትሰካና ትረሳዋለች፤ ገበያ መሀል ጠመኔ ሰክታ ስለ ቲማቲም ስትከራከር አይቻታለሁ። አማርኛዋን የለቀመችው ከወዲያኛው ሞያሌ ገበያ ነው፤ በልጅነቷ እናቷ ቅቤ ስትሸጥ አጠገቧ ተቀምጣ። ስለዚህ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ሹሙንም አህያ ነጂውንም «አንተ» የሚል። ማንም አይቀየማትም ነበር። የተቀየማት ካለም ጃንጥላውን አይቶ ይተወዋል።

ናኒ በስዋሂሊ «ማን» ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። አንድ ልጅ «ማዳም፣ ውሃው ተደፋ» ካለ «ናኒ?» ትለዋለች። «መስኮቱ ተሰበረ» ካለ «ናኒ?» ትለዋለች። ልጄ ጉማቶ ከሷ ክፍል በገባች በወሩ ቤታችን መኖር አስቸጋሪ ሆነ። «ሻዩ አለቀ» ስል የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ቀና ብላ «ናኒ?» ትለኛለች። የጨረስኩት እኔ ነበርኩ፤ ሁልጊዜም እኔ ነኝ።

ታላሶን ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ብከሳት ሳቋን በአፍንጫዋ አፈነችና እንዲህ አለችኝ፦ «ነገር በራሱ አይሆንም፣ ጋሽ በየነ። የሚያደርገው ሰው አለ፤ የሚሆንበት ሰው አለ። የሁለቱን ስም ሳይጠራ ችግር አወቅሁ የሚል ተማሪ እኔ ዘንድ አያልፍም።»

ያኔ ጥሩ አባባል ነው ብዬ ከሎሪ ጓደኞቼ ጋር ስቄበታለሁ።

የንቁ ዜጋ ፕሮጀክት የሚሉት ነገር ወደ ትምህርት ቤቶቹ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የስታንዳርድ ሰባት፣ የሰባተኛ ክፍል ማለት ነው፣ ልጆች ከአካባቢያቸው አንድ ችግር ይመርጣሉ፤ ያጠኑታል፤ መፍትሔ ያመጣሉ፤ በትምህርቱ ተርም መጨረሻ ዳኞች ፊት ያቀርባሉ። ያሸነፈው ትምህርት ቤት ኢሲዮሎ ከተማ ድረስ ይሄዳል። ልጆቹ ኢሲዮሎን ሲሰሙ ባሕር ማዶ የተባሉ ያህል ነበር የቦረቁት።

ችግሩን የመረጡ ዕለት እኔ እዚያ ነበርኩ። ለአዲስ ክፍል መሥሪያ አሸዋ አራግፌ ከመስኮታቸው ሥር ቁጭ ብያለሁ። ጥላ ፍለጋ ነው እላለሁ፤ ጥላው ግን ከወዲያ በኩል ነበር። ልጄ ስትናገር ልሰማ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ የተነሳው ቦሩ የሚባል ጮሌ ልጅ ነው። «ሙስና» አለ።

«ናኒ?» አለች ታላሶ።

«መንግሥት።»

«መንግሥት የሚባል ሰው ሰፈራችሁ አለ? ጠዋት ሲያልፍ ሰላም ብሎህ ያውቃል?»

«በሬዲዮ ነው የሰማሁት፣ ማዳም።»

«እንግዲያው ፕሮጀክቱን ሬዲዮው ይሥራው። ተቀመጥ።»

ሌላው ዛፍ ተከላ አለ። ባለፈው ጊዜ ያሸነፉት በሱ ነው ብሎ ጨመረበት። «ዛፉን ነው የፈለግኸው ወይስ ማሸነፉን?» ስትለው፣ «ማሸነፉን» አለ። «ሐቀኛ ነህ። ሐቀኛ ሆነህ ተቀመጥ።»

ከዚያ የኔዋ ተነሳች። «ድርቅ» አለች ጉማቶ።

«እስከ ተርሙ መዝጊያ ዝናብ ታመጪልኛለሽ?»

«አባቴ ይጸልያል።»

«አባትሽ የሚጸልየው ጎማው እንዳይፈነዳ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ከመስኮቱ ሥር አፌን በኮፍያዬ ይዤ ሳቅሁ፤ እውነቷን ነበር። ሳቁ ሲበርድ ከኋላ መቀመጫ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች።

«ጋቢና» አለች።

ቱሜ ነበረች። ከቡቲዬ በእግሯ የምትመጣ፣ ከአክስቷ ጋር የምትኖር፣ ዝምተኛ ልጅ።

«ጋቢና ምን?» አለች ታላሶ።

«ሎሪ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር። ማን እንደሚቀመጥበት። እናቴን ምጥ ጠንቶባት ወደ ሶሎሎ ሆስፒታል ሲወስዷት ከከብቶቹ በላይ፣ ብረቱ ላይ ነው ያስቀመጧት። ጋቢናው ተይዟል ተባለ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አላስፈለጋትም። እናቲቱም ሕፃኑም እንዳልተመለሱ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።

«ጋቢናውን የያዘው ማን ነበር?» አለች ታላሶ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«አላውቅም፣ ማዳም።»

«ሾፌሩስ?»

«እሱንም አላውቅም። ገና ሳይነጋ ነው የተሳፈሩት። እኔ ተኝቼ ነበር። አባቴ ናይሮቢ ነበር። አብራት የሄደችው አሮጊት ጎረቤታችን ደግሞ ከቀብሩ በኋላ ልጇ ወዳለበት ኢትዮጵያ ተሻገረች። ሎሪው ሰማያዊ ነበር ይላሉ።»

ሞያሌ ውስጥ ሰማያዊ ሎሪ ብዙ ነው። አንደኛው ግን በዚያች ሰዓት አሸዋውን አራግፎ ከትምህርት ቤቱ ግቢ መሀል ቆሟል።

ያኔ መንገዱ አስፋልት አልነበረም፤ ድንጋይና አቧራ ብቻ። አውቶቡስ የሚሉት ነገር ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሳያሰኘው ይቀራል። ሰው የሚጓዘው በከብት ሎሪ ነው፤ ከታች ከብቱ፣ ከከብቱ በላይ በተዘረጋው ብረት ላይ ሰው፣ እግሩን ወደ ቀንዶቹ አንጠልጥሎ። ጋቢና የባለ ሎሪው ነው። እሱ ከሌለ እሱ ያለው ሰው፣ ሰው ከሌለ እሱ ያለው ዕቃ ይቀመጥበታል። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ማንም ጥሶትም አያውቅም።

በዚያ ጠዋት ከጎኔ የነበረው የአለቃዬ ቴሌቪዥን ነው። ተበላሽቶበት ናይሮቢ ወስጄ እንዳስጠግንለት የሰጠኝ። መንገዱ እንዳያንገላታው በራሴ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ በገመድ አስሬዋለሁ። ደላላው መስኮቱን አንኳኩቶ «ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ ጋቢና አለህ?» ሲለኝ መስታወቱን ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ «ተይዟል» አልኩት። ውሸት አልነበረም። ሌሊት ሌሊት ይህችን ቃል እያገላበጥኩ ውሸት የሆነችበትን ቦታ ስፈልግ የኖርኩት ለዚህ ነው።

ከሞያሌ ተነስቼ፣ መገንጠያው ላይ ታጥፌ ሆስፒታሉ እስክገባ ድረስ አራት ሰዓት ግድም ነዳሁ። ደግ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የታጠፍኩት፤ ከመንገዴ ወጥቼ አደረስኳት ብዬ። ሐኪሞቹ በጣም ዘግይታለች ማለታቸውን የሰማሁት ስመለስ ነው።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲበተኑ ታላሶ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ሎሪው መጣች። እኔ ጎማ የማይ መስያለሁ።

«ከመስኮቱ ሥር ነበርክ» አለችኝ።

«ጥላ ፍለጋ ነው። ለቁመቴ የሚበቃ ጥላ የትም...»

«ቀልድህን ጨርስና ንገረኝ።»

ነገርኳት። ቴሌቪዥኑን ጨምሬ። ሳወራ ዓይኗን ከሎሪው ቀለም ላይ አላነሳችም። ስጨርስ ጠመኔዋን ከጆሮዋ አውጥታ አየችው፤ ምን ልታደርግበት እንደነበር የረሳች ትመስላለች። መልሳ ሰካችው።

«እርስዎ ነበሩ» አለችኝ።

በሕይወቷ «እርስዎ» ያለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ አልነግራትም» አለች። «ልጅቷ የሆነባትን ሰው ጠርታለች። ያደረገውን የሚጠሩት እርስዎ ነዎት። ክፍል መጥተው፣ ካልሆነም ለብቻዋ።»

«ሐሙስ» አልኳት። «ሐሙስ እመጣለሁ።»

ሐሙስ ናይሮቢ ነበርኩ። ተራዬ አልነበረም፤ አለቃዬን ለምኜ ነው የጫንኩት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ጉዞ ለምኜ ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ አለቃዬ ታታሪ ሆንክ ብሎ አመሰገነኝ። ስመለስ ታላሶን ገበያ አገኘኋት። «ናይሮቢ ደህና ናት?» አለችኝ፤ ሌላ ምንም። ከዚያ ወዲያ ወደ «አንተ» ተመለሰችልኝ፤ ይቅር ያለችኝ መሰለኝ። ሞኝ ነኝ ብያችኋለሁ።

ምርጫው ግን በዚያ አላለቀም። ርዕሰ መምህሩ ጋቢናውን አልወደዱትም። ጉማቶ የቢሮውን በር ስትጠርግ ሰምታ እንደነገረችኝ ነገሩ እንዲህ ነበር።

«ታላሶ፣ ሎሪዎቹ የትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዛፍ ማንንም አያስቀይምም።»

«ለዚህ ነው የተተከለው ሁሉ የሚደርቀው» አለቻቸው። «ማንም ተጣልቶለት አያውቅም።»

ሆኖም የራሷን ሐሳብ በልጆቹ ላይ አልጫነችም። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀዳ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ችግር ጻፈችና በግቢው አጥር እሾህ ላይ ሰቀለቻቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጠጠር ሰጠች። ከዚያ በፊት ግን ቱሜን ለብቻዋ ጠርታ ጠይቃታለች፦ «የእናትሽ ነገር የክፍሉ ሁሉ ነገር ይሁን ትያለሽ? አይሁን ካልሽ ወረቀቱን አልሰቅለውም።» ቱሜ «ይሁን፤ ስሟ ግን ወረቀቱ ላይ አይጻፍ» አለች። ታላሶ ተስማማች። ስም ካልተጠራ አይሆንም የምትል ሴት ስለዚያ ስም አንዲት ቃል አልጨመረችም። ጠጠሮቹ ከጋቢናው ሥር ተከመሩ። ቦሩ ብቻ ጠጠሩን ሙስና ሥር አስቀመጠ፤ ታላሶም «ጎሽ፣ በአቋምህ ጽና» አለችው።

ቀጥሎ ልጆቹ በሎሪ መቆሚያው፣ ከግራሩ ሥር ሾፌሮቹን መጠየቅ ጀመሩ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ የመረጠችው ታላሶ ናት። «ባለፈው ጉዞህ ጋቢናህ ውስጥ ማን ነበር?» ቱሜ ደብተር ይዛ ትጽፋለች።

«ሚራ» አለ አንዱ፤ ጉንጩ በጫቱ ተወጥሮ።

«ትርፍ ጎማ።»

«የአለቃዬ ሚስት ወንድም።»

«ፍየል» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«ፍየል?» አሉት ልጆቹ።

«እርጉዝ ናት እኮ። ከላይ ብትወድቅስ?»

ሾፌሩ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ አንድ በአንድ እየቆመ ሄደ፤ ምክንያቱም ቱሜ ቀና ሳትል እየጻፈች ነበር። «እርጉዝ፣ ፍየል» እያለች። ጎረምሳው ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ከዚያ እኔ ጋ ደረሰች። «ምዜ፣ አንተስ?»

«ባዶ ነበር» አልኳት። ከእናቷ ጉዞ ወዲህ ያ ወንበር ላይ ዕቃ አላስቀመጥኩም፤ ሰውም ለማስቀመጥ አፈርኩ።

«ለምን ባዶ ሆነ?»

ታላሶ ጃንጥላዋን ተደግፋ ከበስተኋላዋ ቆማለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ከዚያ የተሻለ ሰዓት በሕይወቴ አልተሰጠኝም።

«ሸትቼ ይሆናል» አልኳት ለቱሜ።

ልጅቷ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ደብተሯ ላይም «ይሸታል» ብላ ጻፈች። ታላሶ አልሳቀችም።

ስምምነቱ በዚያው ሳምንት ተጻፈ። የጋቢናው ወንበር ለታመመ፣ ምጥ ለያዛት፣ ሕፃን ላዘለች ነው። ሁለት ሰው ከተገናኘ የባሰበት ይቀመጣል። ቃሉን ያረቀቁት ልጆቹ ናቸው፤ «የባሰበት ይቀመጣል» የምትለውን ያስገባችው ታላሶ ናት። መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። እንደዚያ አፍሬ የማውቅ አይመስለኝም፤ የደግ ሰው ሙገሳ ተቀብዬ እጄን አውለበለብኩ።

ውድድሩን ዛፍ የተከለ ትምህርት ቤት አሸነፈ። ልጆቹ አለቀሱ። ታላሶ ማንዳዚ፣ ያን የተጠበሰ ሊጥ፣ ገዝታ ከአጥሩ ሥር አስቀመጠቻቸውና፣ «ዳኞቹ በአውሮፕላን ነው የመጡት። ሎሪ ላይ ተቀምጠው ቢመጡ ኖሮ ሌላ ነገር ያሸንፍ ነበር» አለቻቸው። ከዚያም የየዕለቱን ሎሪ በተራ እየሄዱ እንዲያዩ አዘዘቻቸው፤ ዳኛ ይኑር አይኑር። አንዳንዱ ሾፌር በሳምንቱ ረሳው። አንዳንዱ አለቃው ሲቆጣው ተወው። ጥቂቶቻችን ያዝነው። ባለ ፍየሉ ጎረምሳ ከሁላችንም ጠንክሮ ያዘው።

አምስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ገና ሲነጋ ታላሶ ሎሪ መቆሚያው መጣች። ማርሳቢት የወረቀት ጉዳይ አለኝ፣ ጋቢና ስጠኝ አለች። በአምስት ዓመት ውስጥ ያን ወንበር ለራሷ ጠይቃ አታውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ብቻ አንድ ነገር ይገባው ነበር። እኔ ግን «ታመምሽ ወይስ ደመወዝ ተጨመረልሽ?» አልኳት።

«ሆዴን ትንሽ» አለችና ጋቢና ወጣች። አንድ እጇን ከጎኗ አላነሳችም።

ሶሎሎ መገንጠያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ሲቀረን አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቆማ እጇን አነሳች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አለ፤ አንገቱ ወደ ኋላ ወድቋል። ሎሪው ገና ሳይቆም ታላሶ በሩን ከፈተች።

«ተይ» አልኳት። «አንቺም ታመሻል።»

«ከሁለታችን ማን ይብሳል?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«እኔ መናገር እችላለሁ። እሱ አይናገርም። ና እጄን ያዝና አውጣኝ።»

ያዝኳት። እጇ የሕፃን እጅ ያህል ቀሎ ነበር፤ ያንንም አወቅሁ። ጃንጥላዋን ብረቱ ላይ አንጠልጥላ ከከብቶቹ በላይ ተቀመጠች። እኔ ወደ መሪዬ ተመለስኩ። ለሁለተኛ ጊዜ፣ በዚያው መንገድ፣ የታመመች ሴት ከራሴ በላይ አስቀምጬ ነዳሁ።

ሕፃኑን ሶሎሎ አድርሰን እናቲቱ ስትገባ ታላሶን አወረድኳት። ቀጥ ብላ መቆም አልቻለችም። መሬት ላይ ቁጭ አለችና ፊቷ በአቧራ ተለብጦ፣ «የከብቶቹ ወሬ ካንተ ይሻላል» አለችኝ። እኔን መምሰሏ ነበር። ያን ቀን ነው ቀልድ ከውስጡ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያየሁት።

ወደ ማርሳቢት ስንሄድ ጋቢና ውስጥ ሆና፣ «ለቱሜ ነገርካት?» አለችኝ።

«አልነገርኳትም።»

«ምን ፈርተህ?»

«እንዳትጠላኝ።»

«ትጥላህ» አለች። «መጥላትም የሷ ነው። አንተ የከለከልካት እሷ የምትጠላውን ሰው ስም ነው። አሁን ሰማያዊ ሎሪ ሁሉ ትጠላለች።»

መስታወቱን ተደግፋ ተኛች። ማርሳቢት ስትወርድ ዞራ ያለችኝ የመጨረሻ ነገር፣ «የኋላ ጎማህ ተንፍሷል፣ እየው» የሚል ነው። እውነትም ተንፍሶ ነበር። ቀና ስል ሰዉ መሀል ገብታለች፤ የታየኝ ጃንጥላው ብቻ ነው።

በሽታው የቆየ ነው፤ ያ ጉዞ አልገደላትም ይሉኛል ዘመዶቿ። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔም የተጽናናሁ እመስላለሁ፤ እዚያ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ሄሉ ላይ ሞቷን የሰማሁ ዕለት ቤቴ አልሄድኩም። ሞተር ብስክሌት ተከራይቼ ቡቲዬ ወረድኩ። ቱሜ ሴኮንደሪ ጨርሳ ውጤት ትጠብቅ ነበር። ከአክስቷ ቤት ደጅ ልብስ ታጥባለች። ዓይኗ አብጧል፤ ከኔ ቀድማ ሰምታለች።

«ምዜ፣ ና ተቀመጥ» ብላ በርጩማ አቀረበችልኝ።

በመንገዴ አንድ የሚያስቅ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር። አፌ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ያ ሰማያዊ ሎሪ የኔ ነው» አልኳት። «ጋቢናው ተይዟል ያልኩት እኔ ነኝ።»

እጇን ከውሃው አላወጣችም። ሁሉንም ነገርኳት። ደላላውን፣ መስታወቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ቴሌቪዥኑን።

«የተበላሸ ቴሌቪዥን» አለች።

«የተበላሸ።»

«ኋላ ተጠገነ?»

«አልተጠገነም።»

እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ፤ ድንጋይ ብታነሳም አልሸሽም ብዬ ቁጭ ብያለሁ። የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነበር።

«ከላይ ሆና ምን ትል ነበር?»

«አላውቅም። እኔ ታች ነበርኩ። ሞተሩ ይጮሃል።»

«መንገድ ላይ አንዴም ቆመህ አላየሃትም?»

«አላየኋትም።»

«ስትወርድስ?»

እሱን አውቅ ነበር። ለማንም፣ ለታላሶም ሳይቀር፣ ያልተናገርኩት እሱን ነው። «ሲያወርዷት አንድ እግሯ ባዶ ነበር» አልኳት። «ጫማዋ ከብቶቹ መሀል ወድቆባት። ሰዎቹ ተሸክመው ሲያስገቧት እጇን ወደ ሎሪው ዘርግታ ጫማውን አውጡልኝ ትል ነበር። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና ስለ ጫማ። እኔም ኋላ ይፈለጋል አልኳት። ናይሮቢ ሎሪው ሲታጠብ ወጣ። አረንጓዴ የላስቲክ ሸበጥ። ጣልኩት።»

ቱሜ እጇን ከውሃው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችው፤ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት።

«የኔ ነበር» አለች። «በጨለማ ተሳስታ የኔን አድርጋ ሄዳለች። ጠዋት ስነሳ ጫማዬ የለም። በባዶ እግሬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ተቆጥቼባት ነበር። ስትመለስ የምላትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር የጠበቅኋት።»

ሸበጡ ትንሽ ነበር። ናይሮቢ እጄ ላይ ይዤው፣ ለትልቅ ሴት እግር ትንሽ መሆኑን አይቼ ነበር።

«እንደገና ንገረኝ» አለችኝ። «ሲያሳፍሯት ጀምረህ። ማን እንዳነሳት፣ ማን እጇን እንደያዘ፣ አንድም ሳታስቀር።»

«ሁለት ከብት ጫኞች አነሷት» አልኳት። «እጇን የያዘችው አሮጊቷ ናት። ከዚያ...»

ቱሜ በርጩማዋን ወደ እኔ አስጠግታ ተቀመጠችና ጠበቀችኝ።